የትርንጎ በርበሬ መልክ

ማክሰኞ

ጡብ። እንደገና ጡብ። ጠዋት ከማሽኑ ካወጣኋቸው ወረቀቶች ጡብ ያልመሰለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጉበት መሰለ።

በርበሬ ነበር መምሰል ያለበት። በርበሬ ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ጡብ ከመሰለ ገበያ ምን እንደሚል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ደግሞም ብሏል። የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ከዐረብ አገር ተመልሳ በርበሬ እያስፈጨች ማሸግ ስትጀምር የመጀመሪያውን ወረቀት ሌላ ከተማ አሳተመችው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሸክላ ሆኖ መጣ። የሐሙሲት ባለሱቆች ሁለቱን ጎን ለጎን ደረደሩት። ገዢው አየ፣ አሰበ፣ ፈረደ፤ "ይቺኛዋ ጡብ ተፈጭቶባታል!" በርበሬው አንድ ነው፣ የተለያየው ወረቀቱ ነው ብላ ብትምል ማን ሰምቷት? ከረጢቶቹ ተመለሱ።

አሁን ለገና ገበያ ሁለተኛ ሙከራዋ ነው። ትናንት በርበሬዋን በነጭ ሳህን ይዛ መጣችና እማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። "ወንድምዓለም፣ ይህን የመሰለ አትምልኝ። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንድ ዓይነት ይሁን። ይህም ሁለት መልክ ካወጣ ፓስፖርቴ ገና ቀን አለው" አለችኝ። ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም።

ስለ ማሽናችን ለትውልድ ይመዝገብ፦ ባለ ሁለት ቀለም ናት። ቀዩንና ቢጫውን በአንድ ዙር ታትማለች፤ ሰማያዊውንና ጥቁሩን በሌላ ዙር ትደርብበታለች። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። ከጋፋት የብረት ማቅለጫ ተርፋ የቀረች ናት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያም ትበልጣለች ባይ ነኝ። ስትነሳ ትስላለች፣ ታቃስታለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች። በግድግዳው ማዶ ጃንጥላና ጫማ የሚጠግኑት ሽማግሌው ጎረቤታችን አያ ተገኘ፣ ማሽኗ በተነሳች ቁጥር ግድግዳውን በመዶሻቸው ይመታሉ። "አቤት ጩኸት!" ማለታቸው ነው። ስትቆምም ይመታሉ። ይሄኛው "ምነው፣ ታመመች?" ነው። ከመስቀል ወዲህ የታመሙት ግን እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ምታቸው ላላ ያለ ነበር።

የቀለም ችሎት የሚቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። የቤቱ አምፖል፣ ለዚያውም መብራት ሲኖር፣ ቢጫ ስለሆነ ሁሉን ነገር ያማልላል፤ ስለዚህ ቀለም የምንፈርደው በመስኮት ብርሃን ነው። የበርበሬው ሳህን መስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል፣ ተከሳሹ ወረቀት አጠገቡ ይቀርባል፣ ጋሼ ሙላት መነጽራቸውን ያወርዳሉ። ጋሼ ሙላት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ በራሳቸው አነጋገር ደግሞ "የቀለም ሰው" ናቸው። የዛሬዎቹን ወረቀቶች ሁሉ አገላብጠው ካዩ በኋላ "ጡብ ነው፤ ግን ጥሩ ጡብ ነው" ብለው ፈረዱ። ምላሷ ከመቁረጫዋ የሰላ ወረቀት ቆራጯ ጥሩዬ ወዲያው፣ "እንግዲያው ቤት እንሥራበት" አለች።

ሲመሻሽ ጥፋተኛውን አገኘሁት። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ቢሮ ቅጽ አትመን ነበር፤ ጥቁሩ ቀለም ከሮለሮቹ ሥር አልለቀቀም፣ ቀዩን እየበከለው ነው። የቢሮ ቅጽ ሰውን ማመላለሱ አንሶት ሮለር ውስጥም ይቀመጣል።

ረቡዕ

ድል! ይኸው ድል!

ያደረግሁት፦ ሮለሮቹን በነጭ ጋዝና በጨርቅ፣ ከዚያ በሌላ ጨርቅ፣ ከዚያ (ጨርቅ ስላለቀ) በአሮጌ ሸሚዜ ፈገፈግሁ። ማሽኗ ከቀለሙ ጋር የምትጠጣውን ውሃ ቀነስሁ። ውሃ ሲበዛ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሲያንስ ወረቀቱ ሁሉ ይጨቀያል፤ መሐሉን ማግኘት እንደ ሽምግልና ሥራ ነው፣ ሁለቱም ወገን እኩል ማኩረፍ አለበት። ከዚያ ቀለሙን የሚለቁትን ብሎኖች፣ የቀዩንም የቢጫውንም፣ በጥቂት በጥቂቱ እየከፈትሁ ወረቀት አወጣሁ፣ መስኮት ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ከፈትሁ። እኩለ ቀን አካባቢ አንዱን ወረቀት ሳህኑ አጠገብ ሳቀርበው ዓይኔ መለየት አቃተው። ወረቀት የቱ ነው፣ በርበሬ የቱ ነው? ጥሩዬ እንኳን አመሰገነችኝ። ይህ በራሱ ታሪክ ነው።

ትርንጎ መጣች። ወረቀቱንም ሳህኑንም ይዛ ደጅ ወጣች፣ ፀሐይ ላይ አየች፣ ገባች፣ "ይኸው ነው" አለች። ፈረመችበት። በእኛ ሙያ ደንበኛው የፈረመበት ወረቀት ከማሽኑ አጠገብ ይሰቀላል፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ይለካል። እሷ ግን አጥፋ ከብብቷ ከተተችው።

"ኧረ እታለም፣ እሱ እዚህ ነው የሚቀር!"

"እናቴ ሳታየው?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ ባትሆንም ወረቀቱን አለቀቀችም። ስለዚህ መለኪያችን የበርበሬው ሳህን ሆኖ ቀረ። ብሎኖቹ የቆሙበትን ቦታ በነጭ ቀለም በጭረት ምልክት አደረግሁና ማተም ጀመርን። የረቡዕ ክምር ቁርጭምጭሚቴ ደርሶ መብራት ጠፋ። ግድ የለም፣ ምልክቱ አለ።

በምሳ ሰዓት ጋሼ ሙላትን መስኮቱ ጋ እጅ ከፍንጅ ያዝኋቸው። እንጀራቸውን ሳህኑ ላይ ጠቅ ያደርጋሉ።

"ጋሼ፣ መለኪያውን እየበሉት ነው እኮ!"

"እየመረመርሁት ነው" አሉ፣ ሳያፍሩ። "ቅመሙ ደህና ነው።"

የሚበላ መለኪያ ያለን ማተሚያ ቤት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ሐሙስ

አያ ተገኘ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ማሽኑን አላስነሳሁም። ግድግዳው ዝም ብሏል።

ደህና ሰው ነበሩ። አንዴ ጃንጥላዬን ጠግነው ሲሰጡኝ "ይቺን ማሽንህንም አምጣትና ጉሮሮዋን ልየው" ብለውኝ ነበር። አምጥቼ ባሳየኋቸው ኖሮ።

እድሩ ወጣ። የቀድሞው ነጭ ድንኳን በክረምቱ ስለተተረተረ ጋሼ ሙላት አዲስ ሸራ አስገዝተዋል። በስብሰባው ላይ "የቀለም ሰው ስለሆንሁ ምርጫውን ለእኔ ተዉት" ብለው ነበር፤ ተተወላቸው፤ ደማቅ ሰማያዊ ይዘው መጡ፤ "እድፍ አያሳይም" አሉ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘረጋ። ከአያ ተገኘ በር ጀምሮ የእኛንም ፊት ለፊት ሸፈነው፤ አንዱ ገመድ የታሰረው በመስኮታችን ብረት ላይ ነው። መስኮቱን ስከፍት አሁን የምገባው ለቅሶ ቤት ነው። ጋሼ ሙላት ከቀብር መልስ ድንኳኑን ዞረው ዞረው አዩት፣ ቀና ብለውም በእርካታ ተመለከቱት። ሟቹን የረሱ ይመስል ነበር፤ ግን አይደለም፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት የአያ ተገኘ ባለቤት እማማ ዘርፌ ጠሩኝና "ማሽንህን አስነሳ፣ ሥራ ፈትተህ አትቀመጥ። እሱ እንደሁ ሲጮህበት የኖረ ነው፤ ዝም ካላችሁ ነው የሚደነግጥ" አሉኝ። ስለዚህ ለቀስተኛው ሳይበዛ ልሥራ ብዬ አስነሳሁ።

ጉበት!

ብሎኖቹ ምልክታቸው ላይ ናቸው። ውሃው እንደ ረቡዕ ነው። ወረቀቱን ሳህኑ ጎን ሳቀርበው ግን በርበሬው በርበሬ፣ ወረቀቱ የበሬ ጉበት። እንደገና አወጣሁ። ጉበት። ተጠርጣሪዎቹን መዘገብሁ፦ አንደኛ ውሃው። ሁለተኛ ብርዱ፤ ቀለሙ ሌሊቱን ጠጥሮ ይሆናል። ሦስተኛ አዲስ የከፈትሁት የቀለም ቆርቆሮ። አራተኛ ጋሼ ሙላት፤ መለኪያውን በልተው ሲያበቁ ከቤታቸው በርበሬ ተክተውበት ይሆናል። (በማርያም ማሉ። ሲምሉ ግን ከንፈራቸው ቀይ ነበር።)

ቀዩን ከፈትሁት። ገና ነው። ጨመርሁ። በዚህ መሐል መስኮቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ድንኳኑ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን እየሳቡ የሥራዬ አማካሪ ሆኑ። አንዱ ሽማግሌ "ልጄ፣ አርሮብሃል" አሉኝ። አንድ ቄስ ፍትሐቱን አድርሰው ሲወጡ ቆም ብለው፣ "ቢጫም ያንሰዋል" አሉ፤ ባርከውኝም ሄዱ። አንዲት እናት "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ሲያበቁ ባንድ ትንፋሽ "ቀይ ጨምርበት" አሉኝ። ቀለም ለሙያተኛው፣ ሞት ለቀባሪው መንገር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ግን ጨመርሁ። የቀበሌው ሕዝብ በሙሉ ድምፅ የወሰነውን እኔ ማን ነኝ?

ቀን ላይ ተስማማ። ወረቀቱና በርበሬው መንታ ሆኑ። ጋሼ ሙላትም፣ ጥሩዬም፣ ድንኳኑም አጸደቁት። የረቡዕን ምልክት በጨርቅ ጠርጌ አዲሱን አሰመርሁ፣ "ያኛው በብርድ ተሳስቶ ነው" ብዬ በታላቅ ልበ ሙሉነት። መብራቱም የዛሬን አላስቸገረም። የዓርብ ክምር ጉልበቴ ደረሰ። ሰማያዊና ጥቁሩን ሰኞ እደርብበታለሁ። ደክሞኛል፤ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ

ስለዚህ ቀን ከምን ልጀምር? ከሳህን።

ሳልስቱ ነው። ትርንጎ ከአክስቴ ጋር ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ገና ከመቀመጧ ሴቶቹ "ምነው ጠቆርሽ? ያምሻል እንዴ?" አሏት። እውነትም ፊቷ አመድ መስሏል። ግን ዞር ብዬ ሳይ አክስቴም አመድ ናት። እማማ ዘርፌ አመድ ናቸው። ሁሉም እርስ በርሱ "ኀዘን ጎዳሽ፣ ኀዘን ጎዳህ" ይባባላል።

ምሳ ቀረበ፤ ጾም ስለሆነ ምስር ወጥ ነው። በርበሬውን ለለቅሶው ያመጣችው ትርንጎ ራሷ ናት። ሳህኑ ጭኔ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ ጭቃ። የበልግ ጭቃ። አክስቴ ወደ ልጇ ጠጋ ብላ "በርበሬሽን ምን ነካው?" ስትላት ሰማሁ። ትርንጎ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ጣዕሙ ትክክል ነው። ፈርታ ወደ እኔ አየች።

ያን ጊዜ ነው ተነስቼ ሳህኔን ይዤ ከድንኳኑ የወጣሁት። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወጡ ቀይ ነው። ገባሁ፦ ጭቃ። ወጣሁ፦ ቀይ። ገባሁ። የለቅሶ ወጥ ይዞ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ የሚመላለስ ሰው አይተው የማያውቁት ለቀስተኞች መጉረሳቸውን ተዉ። ከበስተኋላዬ አንዱ "የሟች ልጅ ነው እንዴ?" ሲል፣ ሌላው "አይ፣ ጎረቤት ነው፤ ግን ይዋደዱ ነበር" ብሎ አዘነልኝ።

ጋሼ ሙላትን ክንዳቸውን ይዤ ሳህኔን ጨምሬ አወጣኋቸው። አስገባኋቸው። አወጣኋቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው በዚያ ሐሙስ ዕለት በተደሰቱበት ዓይን ሳይሆን በሌላ ዓይን ሸራውን አዩት።

"ሸራው ነው" አሉ በቀስታ።

"አንቱ አይደሉ እንዴ የመረጡት?"

"እድፍ አያሳይም ነው ያልሁ። በርበሬም አያሳይም አላልሁም።"

ነገሩ ይኸው ነው። መስኮታችን ከሐሙስ ጀምሮ የሚያየው ፀሐይን አይደለም፣ የእድሩን ሸራ ነው። የታተመ ቀለምና የተፈጨ በርበሬ በፀሐይ ወንድማማች ናቸው፤ በሰማያዊ ሸራ ሥር ግን ባዳ ይሆናሉ። በርበሬው ትንሽ ሲጠቁር ወረቀቱ ጉበት ይሆናል። እኔ ደግሞ ማሽኑ ታመመ ብዬ ቀይ አጠጣሁት።

የዓርቡን ክምር አንድ ወረቀት መንገድ ዳር አውጥቼ ዘረጋሁ። ከረሜላ። የልጆች ከረሜላ፣ ያውም የሚያብለጨልጨው። የረቡዑን አጠገቡ አደረግሁ። በርበሬ። ትርንጎ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ሁለቱን አየች።

"ሁለት መልክ" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ለቅሶው ተመለሰች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ሸራው ዛሬውኑ ይነሳ እንደሁ ጋሼ ሙላትን ጠየቅሁ። "ለበርበሬ ብዬ ለቅሶ ልበትን?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ተነሳ። ሰፈሩ ቀለሙን መልሶ አገኘ፤ የተጎዱት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዳኑ።

እኔ ግን ምልክቱን ጠርጌዋለሁ። በልበ ሙሉነት። ወረቀቱም ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ብቻ ነው የቀረው፤ ሌላ ከባሕር ዳር እስኪመጣ የገና ገበያ ያልፋል። በሳህን በርበሬ ደግሞ ከእንግዲህ አልምልም፤ ጋሼ ሙላት መርምረው ጨርሰውታል።

አክስቴ ቤት ሄድሁ። ትርንጎ የፈረመችበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዙሪያውን አበባ ባለው ፕላስቲክ ተከፍፎ፣ እንደ ሠርግ ፎቶ። ወስዳው ባትሄድ ኖሮ ዓርብ ዕለት እሱንም "በብርድ የተሳሳተ" ብዬ በጣልሁት ነበር። ስለ ሞኝና ወረቀት የጻፍሁትን አንስቻለሁ።

አክስቴ ከጓሮ ጠርታ በሹክሹክታ "ያ ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ትናንት ሁለቴ ደወለላት" አለችኝ። "ምን አለችው?" አልኋት። "ሰኞ እነግርሃለሁ አለችው።"

ትርንጎ ፕላስቲኩን በቢላዋ ጫፍ እየፈታች ወረቀቱን አነሳችው፣ ሳትቀደው። ሰጠችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ያ ነው የከበደኝ። "በፀሐይ ብቻ እየው" አለችኝ።

እሺ።

ሰኞ

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ማሽኗን አስነሳሁ። ሳለች፣ አቃሰተች። እጄ ብሎኑ ላይ ሆኖ የግድግዳውን ምት ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። አልመጣም። ሥራዬን ጀመርሁ።

ችሎቱ ከመስኮት ወደ መንገድ ዳር ተዛውሯል። ብሎን እዘጋለሁ፣ ወረቀት አወጣለሁ፣ በሩን አልፌ ፀሐይ ላይ ከትርንጎ ፊርማ አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ እመለሳለሁ። መንገደኛው ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ደግሞ ራራ አድርገው ነው ሰላም የሚሉኝ፤ አንዱ ጠበል እንድሞክር መክሮኝ አለፈ፤ ወንዛዬ ለነርቭ ጥሩ ነው አለ። ቀዩ ቀነሰ፣ ቢጫው ቀነሰ፣ ውሃው በመሐል ተኳረፈ፣ ታረቀ። ስትስተካከል ታወቀኝ። ወረቀቱን ከፊርማው ጎን አድርጌ ዘወር ብዬ ስመለስ የትኛው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። አሰመርሁ። ይህን ምልክት የሚጠርግ ሰው እጁ ይድረቅ፤ እኔም ብሆን።

አተምን። ሰማያዊና ጥቁሩንም ደረብን፤ ስሟ በጥቁር ወጣ። የዓርቦቹ ከረሜላዎች በጋሼ ሙላት ትእዛዝ ለማስታወሻ ደብተር ይቆረጣሉ፤ ይህን የምጽፈውም በአንዱ ጀርባ ላይ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ያፈጥብኛል።

ከሰዓት ትርንጎ መጣች። ከክምሩ አናት፣ ከመሐሉ፣ ከሥሩ፣ ከረቡዑም ጨምራ እየሳበች መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ዘረጋቻቸው፤ ማዕዘናቸው ላይ ጠጠር አደረገች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ቦታቸውን እንድንለዋውጥ አደረገችን። ዞረች። ዞር ዞር እያለች አየች። ጎንበስ አለች። ተነሳች።

"የረቡዑ የቱ ነው?"

እኔ አላወቅሁም። ጥሩዬ አላወቀችም። ጋሼ ሙላት መነጽራቸውን አውርደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በፍጹም እርግጠኝነት አንዱን አሳዩ። ገልብጠን ትርንጎ ጀርባው ላይ የጻፈችውን ቀን አየን፤ የዛሬ ነው። በሕይወታቸው እንዲህ ተሳስተው እንዲህ የተመሰገኑበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ትርንጎ ግን ገና አልሳቀችም። ከዳር ቆማ ታያቸዋለች። ያለወራቱ የመጣ ደመና ከምሥራቅ በኩል ብቅ አለና የወረቀቶቹ ቀለም ጠቆር አለ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ሸራ አይደለም፤ ደመና ነው። ወረቀቶቹ ግን ሁሉም አብረው ነው የጠቆሩ፣ አንዱም ከሌላው ሳይለይ።

ያን ጊዜ አህያ የሚነዱ አንዲት እናት ከላይ በኩል መጡ፤ እማውቃቸውም አይደሉ፣ ለቅሶውም ላይ አልነበሩ። ከሩቅ እጃቸውን እያወናጨፉ፣

"እናንት ልጆች! በርበሬያችሁን አንሡ እንጂ፣ ሊዘንብበት ነው!"

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ፣

"እሺ እማማ! እናነሣዋለን!" ብላ ጮኸች፤ ጎንበስ ብላም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንደ ተሰጣ በርበሬ ታፍስ ጀመር፣ እየሳቀች። ይሄኛውን ሳቋን ወደድሁት።

ዝናቡ አልመጣም። ስልኳ አንዴ ጮኾ ነበር፤ እጇ ሙሉ ስለነበር አላነሳችውም።